የተጣራው ድምፅ

በነፋስ በር ከተማ ሰው ከአልጋው ሲነሳ መጀመሪያ «ደህና አደርክ» የሚለው ግድግዳውን ነበር። ግድግዳው አይመልስም፤ ነገር ግን ጉንፋን የያዘውን ወይም እንቅልፍ ያጣውን ድምፅ እንዳይስት በየጠዋቱ ከእያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል አንድ ቃል መስማት ነበረበት። ሕፃናት አፋቸውን ሲፈቱ ከ«እማ» እና ከ«አባ» ቀጥሎ የሚማሩት ይህንኑ ሰላምታ ነው። በቀድሞው ዘመን ሰው ሲጠነቀቅ «ግድግዳ ጆሮ አለው» ይባል እንደነበር የሚያስታውሱ አዛውንቶች ብቻ፣ ሰላምታውን ሲሰጡ ፈገግ ይሉ ነበር።

ጆሮው የተተከለው ከገመድ ባቡሩ ፍንዳታ በኋላ ነው። በገመድ ተንጠልጥሎ ከገደል ገደል የሚመላለሰው ባቡር፣ ተማሪዎች ወደ ቤታቸው በሚመለሱበት ሰዓት፣ አሸባሪዎች ባጠመዱት ፈንጂ ተበጥሶ ሸለቆው ውስጥ ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ አዋጅ ወጣ። በየቤቱ ልስን ውስጥ ድምፅ የሚይዝ ቀጭን ክር ተዘረጋ፤ ክሩ ሁሉ የሚያመራው «ሰሚ» ወደተባለው መሣሪያ ነው። ሰሚ ያዳምጣል፤ የሚያሰጋ ንግግር ሲያገኝም «ፍች» የተባለ አጭር ማጠቃለያ ለዳኛ ይልካል። ያለ ዳኛ ፈቃድ የማንም በር አይከፈትም፣ ማንም አይያዝም። ሕዝቡ አዋጁን የተቀበለው በዚህ ቃል ተማምኖ ነው።

ፀዳለ ወርቅነህ ከእነዚህ የፈቃድ ዳኞች አንዷ ነበረች። ባልደረቦቿ ጠንቃቃ ይሏታል። ፍቹን ሁለት ጊዜ ታነባለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ባለው መስታወት ላይ ታሳርፋለች፤ ፈቃድ ተሰጠ ማለት ነው። ከፈለገች ጥሬውን ድምፅ አስመጥታ መስማት ትችል ነበር፤ ሕጉ ይፈቅድላታል። አንድም ቀን ግን አላደረገችውም። ሰሚ በአንድ ወቅት የከተማውን የመጠጥ ውኃ ሊመርዙ የተዘጋጁ ሰዎችን አስይዟል። የእህቷ ልጆች ያን ውኃ ነበር የሚጠጡት። ከዚያ ወዲህ በሰሚ መጠራጠር ለእሷ ነውር መስሎ ይታያት ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ማዕከሉን መብረቅ መታው። ጆሮው ተረፈ፤ ፍች የሚያዘጋጀው ክፍል ግን ተቃጠለ። የመሣሪያው ጠጋኝ ቶሌራ ቢሮዋ ድረስ መጥቶ፣ ጥገናው እስኪያልቅ ዳኞች ጥሬውን ድምፅ ራሳቸው ከመስማት በቀር ሌላ መንገድ እንደሌላቸው ነገራት፤ ማዳመጫውንም እዚያው ተቀምጦ ይገጥምላት ጀመር።

በዚያ ቀን የቀረበላት የአቶ አበጋዝ ጉዳይ ነበር። አቶ አበጋዝ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። እንዲያዙ የፈቀደችው ራሷ ናት፤ አሁን ደግሞ ፖሊስ እስራቱ እንዲራዘምለት ጠይቋል። ፍቹን በደንብ ታስታውሰዋለች፤ «ተጠርጣሪው ከባለቤቱ ጋር በሹክሹክታ ተነጋግሯል። ጥቁሩን ገመዱ ሥር ትተው፣ ሰው ሳያያቸው ለመመለስ አቅደዋል» የሚል ነበር። ቤታቸው ሲፈተሽ ምንም አልተገኘም። «ጥቁሩ» ምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ የቤቴን ነገር ለእናንተ አልናገርም ብለው ዝም አሉ። አንድ ልጃቸው በፍንዳታው መሞቷን መርማሪዎቹ ያውቁ ነበር፤ ቂም ይሆናል ብለው ገመቱ።

ፀዳለ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

መጀመሪያ የሰማችው ቃል አልነበረም። ሴት ታለቅሳለች። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ምናልባትም ግድግዳው እንዳይሰማ፣ አፏን በጨርቅ አፍና የምታለቅስ ሴት። ለቅሶው ረዘመ። ከዚያ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ዘነቡ፣ በቃ። ጥቁሩን እናውልቀው። የወደቀችበት፣ ገመዱ ሥር ትተነው እንምጣ። ሰው ሳያየን እንመለሳለን።»

«አውልቄውስ ምን ልለብስ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

ከዚያ በኋላ የተሰማው የሁለቱም ለቅሶ ነበር።

ጥቁሩ የሐዘን ልብስ ነው። ይህን ለመረዳት ዳኛ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ለመስማት አንድ ሰው መገኘት ብቻ ይበቃ ነበር። ፀዳለ ማዳመጫውን አወለቀች። ፊቷ ሲግል ታወቃት። ሰዎቹ እያለቀሱ እንደነበር ፍቹ ለምን እንዳልነገራት፣ መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን እንደሆነ ቶሌራን ጠየቀችው።

ቶሌራ መፍቻውን አስቀመጠ። ለቅሶ ከንቱ ድምፅ ተብሎ እንደ ነፋስ፣ እንደ ዝናብ፣ እንደ ውሻ ጩኸት እንደሚጣራ አስረዳት።

«ብልሽት አይደለም፣ ክብርት ዳኛ» አለ ቀስ ብሎ። «መጀመሪያ ላይ ፍቹ ለቅሶውን ይጽፍ ነበር። እንዲወጣ የጠየቃችሁት እናንተ ናችሁ።»

ፀዳለ ያን ስብሰባ አስታወሰችው። ከዳኞቹ አንዱ፣ ለቅሶ ልብ ይከፍላል፣ ፍርድ ያዛባል ብለው ነበር ያቀረቡት። ሐሳቡ የእሷ አልነበረም። እጇን ግን አውጥታለች፤ ከዚያም ሁሉም በጊዜ ወደየቤቱ ሄደ።

አቶ አበጋዝ በዚያው ቀን ከሰዓት ተፈቱ። ይቅርታ መጠየቅ የሚያስገድዳት ሕግ አልነበረም፤ አለቆቿም ባትሄድ ይሻላል ብለው መከሯት። እሷ ግን ሰላም አጣች። ምግብ ስትበላ፣ ከሰው ጋር ስታወራ፣ ያ የታፈነ ለቅሶ ይመጣባታል፤ በመጣ ቁጥርም አንገቷን ትደፋለች። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ባልና ሚስቱ ቤት ሄደች።

ወይዘሮ ዘነቡ በሩን ከፈቱና በእጃቸው ወደ ውጭ አመለከቷት። ባላቸው ከተያዙ ወዲህ ቤት ውስጥ ከጠዋቱ ሰላምታ በቀር አንድ ቃል ተንፍሰው አያውቁም ነበር። ሦስቱም ነፋሱ ድምፅ ወደሚበትንበት ወደ ገደሉ አፋፍ ወጡ። ሁለቱም ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው። አቶ አበጋዝ ከስተዋል፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

ፀዳለ ማን እንደሆነች ነገረቻቸው። ጥሬውን ድምፅ መስማት ትችል እንደነበርና እንዳልሰማች፣ ለቅሶው እንዲጣራ እጇን እንዳወጣችም አልደበቀችም። ቀና ብላ ልታያቸው ስላልቻለች ይህን ሁሉ የተናገረችው ጫማቸውን እያየች ነው።

አቶ አበጋዝ፣ «አዋጁ ሲወጣ እኛም ደግፈናል» አሉ። «የሌላ ሰው ልጅ አትሙት ብለን። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሰው ያለ ይመስለን ነበር። እያፈርንም ቢሆን፣ ሐዘናችንን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ እንል ነበር። ለካ ማንም አልነበረም።»

ሰሚ ይጥፋ ይሉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በተመረዘው ውኃ ሊያልቅ የነበረውን ሕዝብ አስበው ይጥፋ ለማለት አንደበታቸው አልታዘዘላቸውም፣ ሰው ይስማው ብቻ አሉ። ወይዘሮ ዘነቡ ግን ተቆጡ። ሰው ቢሰማውስ፣ በገዛ ቤቴ አፌን አፍኜ እስከመቼ አለቅሳለሁ ብለው ባላቸውን ገሠጿቸው። ባልና ሚስቱ በዚህ ሳይስማሙ ቀሩ።

ሊለያዩ ሲሉ ባልና ሚስቱ ያን ያቀዱትን ሊፈጽሙ፣ በእግር መንገዱ ወደ ሸለቆው እንደሚወርዱ ነገሯት። ፀዳለ አብራቸው እንድትሄድ ለመነች።

«ለቅሶ መድረስ ለባዳም አይከለከልም፣ እናቴ» አለች።

ወይዘሮ ዘነቡ ጥቁር ነጠላቸውን አጣፉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«አይከለከልም፣ ልጄ። አንቺ ግን በግድግዳው በኩል ከሁሉም ቀድመሽ ደርሰሽ ነበር። ያኔ አላለቀስሽም።»

ከዚያ የባላቸውን ክንድ ይዘው ቁልቁለቱን ጀመሩ። ፀዳለ ልትከተላቸውም ፊቷን ልታዞርም አልደፈረችም፤ ሁለቱ ጥቁር ልብሶች ከዓይኗ እስኪሰወሩ ድረስ እዚያው አፋፉ ላይ ቆማ ቀረች።