ለሁለት ነጥብ

እኔን ሰው ሁሉ ነዝናዛ ይለኛል። ይበል! በረዶ ሳይጥል መንገዱ ያንሸራትታል የምል፣ ልጅ ሲያስነጥስ ሐኪም የምጠራ ሴት ነኝ። ባሌ ቨርሊን አርባ አራት ዓመት «አርዲስ፣ አንቺ እኮ በሠርግሽ ቀን የቀብርሽን ድንኳን ስታስቢ ነበር» እያለ ሲስቅብኝ ኖሯል። ታዲያ ያ ሁሉ ጭንቀቴ ምን ፈየደ? ይህን የምጽፈው አልቅሱልኝ ብዬ አይደለም፤ ሆዴ በንዴት ስለተቃጠለ ነው።

ቨርሊን ጡረታ ከወጣ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት መጋዘን ውስጥ ከአንዲት መኪና ጋር ኖረ። ፍሬዘር ትባላለች፤ አምስት ዓመት ያህል ብቻ ተሠርታ ስሟ ከገበያ የጠፋ። አባቱ እዚሁ ሚሺጋን ፋብሪካ ውስጥ በሯን ሲገጥም ነበር እንጀራውን የሚበላው፤ ስሟ ሲቀር ሥራውም አብሮ ቀረ። «አባዬ እንደገጠማት አድርጌ አቆማታለሁ» አለ ቨርሊን። ዝገቷን ፍቆ፣ ሞተሯን ፈታትቶ፣ የወዳደቀ ዕቃ ከየአገሩ ለቅሞ እንደ ወይን የቀላች መኪና አወጣ። ቆንጆ ነበረች፤ አልዋሽም።

የልጃችን የሎርና ልጅ፣ የስምንት ዓመቷ ዊላ፣ ከአያቷ ጎን ካልተቀመጠች ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነበረች። ፍሬዘር በተሠራችበት ዘመን ደግሞ መኪና የደህንነት ቀበቶ አልነበረውም። እኔ ግን «ቀበቶ ካልገባ ልጅቷም አትገባም!» ብዬ በሯ ላይ ተገትሬ አስገጠምሁ።

በዓመቱ የአሮጌ መኪኖች ትርዒት ላይ ዳኞቹ በባትሪ እያበሩ ሥሯን ሁሉ ፈተሹና ከመቶ ዘጠና ስምንት ሰጡት። ሁለቱ ነጥብ የጎደለው ከፋብሪካ ያልወጣ ነገር ተገኘባት ተብሎ ነው። ቀበቶው! አንደኛው ዳኛ «ቨርሊን፣ ይቺን ፋብሪካው ነው የገጠማት ወይስ ሚስትህ?» ብሎ ሰው አሳቀበት። ባሌ ያን ክረምት እህል አልወርድ አለው።

በሚቀጥለው ሐምሌ፣ በትርዒቱ ዕለት ጠዋት፣ ቀበቶዎቹን ከነብሎናቸው ፈታ። ሊመልሳቸው ነበር... እግዜር ያውቃል፣ ሊመልሳቸው ነበር! መቶ ከመቶ አገኘ። ዊላ ዋንጫውን ታቅፋ ሜዳውን ዞረች። ወዲያው ደመናው ጠቆረና፣ ቨርሊን የመኪናዋን ቀለም ዝናብ እንዳይነካው ወደ ቤት ተጣደፈ።

«አባባ፣ እኛ እንቅደም! እማማ ከነድንቿ ትከተለን!» አለች የኔ ጨረቃ።

የተረፈውን ድንችና የምሳውን ዕቃ ጭኜ በሌላው መኪና ተከተልኋቸው። ከበቆሎው መሃል ትራክተር ብቅ አለ። ቨርሊን ፍሬን ያዘ፤ መኪናዋ ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። ልጅቷ ግን አልቆመችም... ከመስታወቱ ጋር ስትላተም በዓይኔ አየሁ! የመኪናዋ አንድ መብራት ብቻ ተሰበረ። አንድ መብራት!

በቀብሩ ላይ ሎርና አባቷን «ሂድና ወልውላት እንጂ! ያንተዋ ትብለጭልጭ፣ የኔዋን አፈር ይብላት!» አለችው። ፓስተሩ «ጌታ አበባውን ቀጠፈ» ሲል ብድግ ብዬ «ጌታን ተዉት! ጌታ ብሎን አይፈታም!» ብዬ ጮኽሁ። ሰው ደነገጠ፤ ይደንግጥ! ስድስት ወር ሙሉ ቨርሊንን «ገዳይ» እያልሁ ጠራሁት። አንድ ቀን እንኳ አልመለሰልኝም።

በገና ሰሞን ሎርና እጄን ያዘችና «እማ፣ አንቺ ብታዪ ኖሮ ከዚያች መኪና ጎትተሽ ታወጫት ነበር» አለችኝ። ምን ልበል? እስከ መቼስ ልዋሽ?

«አይቼ ነበር» አልኋት።

ያን ቀን ከትርዒቱ ሊነሡ ሲሉ በመኪናዋ መስኮት አየሁ፤ ወንበሩ ያለ ቀበቶ ባዶውን ነበር። አፌን ልከፍት ስል ቨርሊን፣ እንደዚያ ሲስቅ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀው ሰውዬ፣ «አርዲስዬ፣ ዛሬን ብቻ አትነዝንዢኝ» አለኝ። ዛሬን ብቻ! የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው ብዬ... ዝም አልሁ።

ሎርና እጇን ከእጄ አወጣች። «አባዬ ረስቶ ነው» አለች፤ «አንቺ ግን አይተሽ ነው።»

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። አባቷን ይቅር ብላዋለች፤ እሑድ እሑድ ቤቷ ይበላል። መሪ መያዝ ስላቃተው የማደርሰው እኔ ነኝ፤ እነሱ በልተው እስኪነሡ ውጭ መኪናዬ ውስጥ እቀመጣለሁ። ባለፈው እሑድ በረዶ ሲጥል ሎርና ወጣችና ትኩስ ሾርባ ሞተሩ ክዳን ላይ አስቀምጣ፣ ዓይኔን ሳታይ ተመለሰች። ምነው ሰድባኝ በነበረ! ጎረቤቶቼ «ዕጣ ፈንታ ነው፣ አርዲስ» ይሉኛል። ውሸት ነው! ዕጣ ፈንታ አፍ የለውም፤ እኔ ግን ነበረኝ።