ጋሽ ማስመሪያ እና ሁለቱ ኮምፒዩተሮች

ጋሽ ማስመሪያ ሞቶ የተገኘው ቢሮው ውስጥ፣ በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል ነው። በግራ አሮጌው፣ በቀኝ አዲሱ፣ መሐል አንዱን ከአንዱ የሚያገናኝ ገመድና ግማሹ የተጠጣ ሻይ፤ እሱ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ላይ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሊናገር ሲል ሐሳቡን እንደለወጠ ሰው አፉን ከፈት አድርጎ።

ሕንፃ የሚነድፍ ሰው ነበር። ቅጽል ስሙን ያገኘው በዕድሜው ሙሉ አንድ ጠማማ መስመር ስላላሰመረ ነው። ሲራመድ እንኳ መንገድ ሲያቋርጥ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ነበር የሚታጠፈው፤ ሰያፍ መሄድ ሕመም ይሆንበታል ይባላል። አሮጌው ኮምፒዩተሩም ከእሱ ያላነሰ ታዋቂ ነው። ሲነሳ ጩኸቱ ወፍጮ ቤት ያስንቃል። አንዲት ሴትዮ በመንገድ ስታልፍ ሰምታው እህሏን አሸክማ ገባች፤ ወረፋም ያዘች። ያላመነ ወረፋ የጠበቀችበትን አግዳሚ ወንበር ኮሪደሩ ላይ ሄዶ ማየት ይችላል።

አሁን በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አልተገኘም። ሁሉም ይቁነጠነጣል። ከታች የፖሊሱ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ያጓራል።

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ጣቢያው ውስጥ ስሟን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «እትዬ ለምን» ነው የሚላት። ቁጭ ማለት አልፈጠረባትም። ወንበር ቢሰጧት ወንበሩን ትዞረዋለች።

«ገዳይዋ ተይዛለች» አላት ሃምሳ አለቃው በር ላይ። «አለቃም ደጋግመው ደውለዋል፤ ቶሎ አምጧት ነው የሚሉት።»

«ለምን እሷ ሆነች?»

«የእንጀራ ልጁ ናት።»

«እሱ ዝምድና ነው፤ ማስረጃው የታለ?»

ሃምሳ አለቃው ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ከክፍሉ ወጥቶ በእትዬ ለምን ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አላት። እሷም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ለማንም እንዳይተነፍሱ» አለችው።

የእንጀራ ልጅየዋ እጆቿ በካቴና ታስረው ግድግዳ ተደግፋለች። ሥራዋ ኮምፒዩተር መጠገን ነው። እናቷ ጋሽ ማስመሪያን ስታገባ እሷ ገና ፊደል አልቆጠረችም ነበር፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«እትዬ፣ እሰሩኝ ግድ የለም» አለች። «ግን ነገ ሲቀበር ልገኝ። ከእኔ ሌላ ልጅ የለውም። ዛሬ ከወሰዳችሁኝ ልጅ እንደሌለው ሰው ነው የሚቀበረው።»

«ጥፋት ከሌለብሽ ትገኛለሽ። ዛሬ ምን ስትሠሩ ነበር?»

«ከአሮጌው ወደ አዲሱ ላዛውርለት ነው የመጣሁት። ፋይሎቹ ገብተው አለቁ። ሴቲንጉን ልጀምር ስል ገመዱ መቆራረጥ አመጣ። ሌላ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ…» ዓይኗን ወደ ክፍሉ በር ጣለች።

«ሴቲንግ የምትዪው ምኑን ነው?»

«አባባ ልቡ በመድኃኒት ነው፣ ዓይኑም ደክሟል። አሮጌው ላይ ፊደሉን እንደ ሱቅ ታፔላ አሳድጌለት ነበር። ጀርባው ጥቁር፣ ጽሑፉ ቢጫ፣ የማውዙ ቀስት አካፋ የሚያክል። ይህ ሁሉ አዲሱ ላይ ገና አልገባም።» አፍንጫዋን በትከሻዋ ጠረገች። «ጠዋት የተጣላነውም በዚሁ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ፋይሉን እንደ ጥሬ በትኖታል፤ መልክ ላሲዘው ብል ‹የዴስክቶፔን ፊት እንዳትነኪ፣ የት ምን እንዳለ በእጄ ነው የማውቀው› ብሎ ጮኸ። እኔም ጮህኩ።»

«ምን አልሽው?»

«‹እስክትሞት እንዲህ ልትኖር ነው?› አልኩት።» ዓይኗ ሞላ። «አፌን በቆረጠው።»

እትዬ ለምን ኮሪደሩን ደርሳ መልስ አለችና ወደ ቀጣዩ ክፍል ገባች። የጋሽ ማስመሪያ የእህት ልጅ እዚያ ነው የሚሠራው፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ንድፍ ሲስል ይውላል። የእስክሪብቶውን ክዳን እያኘከ ጠበቃት።

«‹ትሞታለህ!› ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ ሳትጠይቀው።

«‹ትሞታለህ› ነው ወይስ ‹እስክትሞት›?»

«መቼም ሞት አለበት!»

«‹ሞት ይርሳኝ› የሚል ሰው ሁሉ ይታሰር በለኛ። አጎትህ አንተንም ይቆጣ ነበር?»

«እኔን? አንዲት መስመር ከሳትኩ ሳምንት ያኮርፈኝ ነበር። እሷን ግን ‹ልጄ›! የሥጋ ዘመዱ እኔ፣ የሚያሞላቅቀው እሷን።» ክዳኑን ተፋው። «ይሄ ግን ለመግደል አያደርስም፣ እትዬ።»

«አያደርስም። እሷ ከወጣች በኋላ ማን መጣ?»

«ኮንትራክተሩ። ሸሪኩ ናቸው። አጎቴ የነደፈውን የሚገነቡት እሳቸው ናቸው። ለነገው ጉዳይ መሰለኝ።»

«ነገ ምን አለ?»

«የሠሩት ክሊኒክ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ነገ ኮሚቴ ዋናውን ንድፍ ሊያይ ነው፤ ጥፋቱ የነዳፊው ይሁን የገንቢው ሊለይ። ወረቀቱ ኮንትራክተሩ እጅ ጠፍቷል። ያለው አጎቴ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነው።»

«አንተስ ንድፉን አይተኸው ታውቃለህ?»

«አላየሁትም። ያኔ እዚህ አልገባሁም ነበር።»

ኮንትራክተሩ ደረጃው አናት ላይ የመኪና ቁልፋቸውን ያንቃጭላሉ። ሰውነታቸው ሰፊ ነው፤ ባንድ ወቅት ሊፍት ውስጥ ሲገቡ ሊፍቱ ራሱ «እኔ በደረጃ ልሂድ» አለ ብለው የሚያወሩ አሉ። ልብሳቸው በላብ ርሷል።

«ወንድሜ ነበር» አሉ። «ከእናቴ ልጅ የማልለየው! ያቺ እፉኝት…»

«ለምን መጡ ዛሬ?»

«እንኳን ደስ ያለህ ልለው ነዋ! አዲስ ኮምፒዩተር ያስገባ ሰው አይጎበኝም?»

«ምን ሲያደርግ አገኙት?»

«አዲሱ ፊት ተቀምጦ የፋይሉን ስም አንድ በአንድ ሲያነብ። እንደ ሕፃን ፈንድቆ! ኋላ የክሊኒኩን ንድፍ ቢፈልግ አጣው። ክው አለ። ያቺ ልጅ አጥፍታዋለች ማለት ነው። እኔም አጽናንቼው ወጣሁ።»

«አሮጌው ላይ ለምን አልፈለገውም?»

«አሮጌው ላይ ምን ሊያገኝ?» ቁልፉን አንቃጨሉት። «ዕቃው ተጓጉዞ የለም እንዴ? ባዶ ቤት ገብቶ ምን ይፈልጋል?»

ስትንቆራጠጥ የነበረችው እትዬ ለምን ባለችበት ቆመች። ሃምሳ አለቃው በዚህ ሁሉ ዓመት እግሯ ሲያርፍ ያየው ያኔ ነው፤ ታማለች ብሎ ወንበር አቀረበላት።

«ሁሉንም ጥራልኝ» አለችው። «የልጅቱንም ካቴና ፍታ። እጇን እፈልገዋለሁ።»

«አለቃ ምን ይሉኛል?»

«ይጠይቁሃል፤ እኔን ታሳያቸዋለህ።»

ሬሳው ተነሥቶ ወንበሩ ባዶ ነበር። ማንም ወደሱ አላየም። ልጅቱ በሁለቱ ኮምፒዩተሮች ፊት ተቀመጠች፤ የእህት ልጁ በሩን ተደገፈ፤ ኮንትራክተሩ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። የሃምሳ አለቃው ስልክ ጮኸ፤ አላነሣውም።

«አዲሱን ክፈቺው። የክሊኒኩ ንድፍ አለ?»

ልጅቱ ፈለገች። «የለም። እኔ ግን አስገብቼው ነበር! ቆይ… የተጣለ ፋይል የሚጠራቀምበት ቅርጫት ውስጥ አለ። አንድ ሰው ጥሎታል።»

«ጥሎታል፤ ቅርጫቱን ግን አልደፋም። እንግዲህ ማን ጣለው?» እትዬ ለምን መዞር ጀመረች። «መጀመሪያ ሟቹን እንውሰድ። ሃምሳ አለቃ፣ ሟቹ ከተቀመጠበት ሆነህ የፋይሎቹን ስም አንብብልኝ።»

ሃምሳ አለቃው ተጎንብሶ ዓይኑን አጠበበ። «የጉንዳን ሰልፍ ነው የሚታየኝ።»

«አንተ ገና ጎልማሳ ነህ። ጋሽ ማስመሪያ ታፔላ የሚያህል ፊደል ካልተጻፈለት አያነብም። ሴቲንጉ ደግሞ አልተዛወረም። በዚህ ስክሪን ላይ እንኳን ንድፉን መርጦ ሊጥል፣ ስሙንም አያይም። ‹ሲያነብ አገኘሁት› ያለኝ ሰው ዋሽቷል።»

የእህት ልጁ ዞሮ ኮንትራክተሩን አያቸው።

«ያነበበ መሰለኝ ነው ያልኩት!» አሉ። «ሰው አይሳሳትም?»

«ይሳሳታል። ሁለተኛ ልጅቱ። ኮምፒዩተር ጠግና የምትኖር ናት። ንድፉን ልታጠፋ ብትፈልግ ጥላው ቅርጫቱን ሳትደፋ ትሄዳለች? ሌባ የሰረቀውን በግ በባለቤቱ በር አስሮት አይሄድም። ሦስተኛ ይህ ልጅ። እሱም ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው፤ ያንኑ ያውቃል። ሁለቱም ደግሞ ሌላ የሚያውቁት ነገር አለ። አራተኛው ሰው ብቻ አያውቀውም።»

«ምኑን?» አሉ ኮንትራክተሩ። ቁልፉ ዝም ብሏል።

«ፋይል ሲዛወር እንደ አልጋና ቁምሣጥን እንዳልሆነ። አልጋው ወደ አዲሱ ቤት ከገባ አሮጌው ቤት ባዶ ነው። ይሄ ግን ቅጂው ይሄዳል፣ ዋናው ባለበት ይቀራል። ልጅቱ ወይም ይህ ልጅ ንድፉ እንዲጠፋ ቢፈልጉ ሁለቱንም ኮምፒዩተር ነበር የሚጠርጉት። ከአዲሱ ብቻ ጥሎ፣ አሮጌውን ባዶ ቤት ነው ብሎ ትቶት የሚሄደው ዕቃ ማጓጓዝ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ልጄ፣ አሮጌውን አስነሺው።»

ልጅቱ ቁልፉን ተጫነች። አሮጌው ኮምፒዩተር አጉረመረመ፣ አገሳ፣ ጠረጴዛውን አንቀጠቀጠው። ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ቢጫ ፊደል ፈነዳ፤ ከመንገድ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ በመስኮቱ አንብቦት የደንበኛውን ግማሽ ፂም ረስቶ ቀርቷል አሉ። «ክሊኒክ» ይላል። ልጅቱ ከፈተችው።

የእህት ልጁ ከበሩ ተላቀቀ። ፊቱን ስክሪኑ ላይ ሊለጥፍ ምንም አልቀረው። «ይሄ ምሰሶ… ይሄ ብረት… ክሊኒኩ ላይ ያለው እኮ የዚህን ግማሽ አይሆንም! አጎቴ በደንብ ነው የነደፈው! ቀጭኑን የተከሉት…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። ኮንትራክተሩ ሰውነታቸው የማይፈቅድላቸውን ዝላይ ዘለው የአሮጌውን ገመድ ከሶኬቱ ሊነቅሉ ወረዱ። እግራቸው ሁለቱን ኮምፒዩተሮች በሚያገናኘው ገመድ ተጠለፈና እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ወለሉ ላይ ተዘረጉ። ሃምሳ አለቃው ጀርባቸው ላይ ተቀመጠ፤ በመጨረሻ የተመቸው ወንበር አገኘ።

«አልገደልኩትም!» ጮኹ ከሥሩ። «ኮሚቴው እስኪያልፍ ይተኛልኝ ብዬ ነው! የራሱን የልብ መድኃኒት እኮ ነው ሻዩ ውስጥ የጨመርኩት! ባዕድ ነገር አይደለም! መጠኑን አላወቅኩም!»

አሮጌው ኮምፒዩተር ማጉረምረሙን አላቆመም።

እትዬ ለምን ተጎነበሰችባቸው። «ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱ የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። በምን እንደሞተ እዚህ ቤት ውስጥ አንድም ሰው አልጠየቀኝም፤ ለአንድም ሰው አልነገርኩም። እርስዎ ከየት አወቁት?»

ካቴናው ወደ ሰፊው እጅ ተሻገረ፤ መግጠም አቅቶት ሃምሳ አለቃው ብዙ ታገለ። ኮንትራክተሩን ደረጃውን ሲያወርዷቸው የሁሉም ዓይን ተከተላቸው።

የእህት ልጁ ከልጅቱ አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያያል። እጁን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፍቶበታል።

«‹ትሞታለህ› አላልሽውም» አለ።

«አላልኩትም።»

«አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገ ሰው ይመጣል። ‹ልጁ ማናት?› ይላሉ።»

«ምን ልትላቸው ነው?»

«እህቴ ናት እላለሁ። ከፊት ትሄጃለሽ፤ እኔ ክንድሽን እይዛለሁ።»

ልጅቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የሃምሳ አለቃው ስልክ እንደገና ጮኸ። ይህን ጊዜ እትዬ ለምን ከእጁ ነጥቃ አነሣችው። የአለቃው ድምፅ ክፍሉ ድረስ ይሰማል፦ «ያቺን ልጅ እስካሁን አላመጣችኋትም?»

«አትመጣም፣ ጌታዬ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ደረጃውን መውረድ ጀምራ። «ነገ አባቷን ትቀብራለች።»