ጣራው አልከፈት ያለ ቅዳሜ

«እስቲ አንዴ ድገሚው» አለ ዲንኮ፣ ራሱን ከመኪናዋ ፖርታ ባጋሊ ሳያወጣ።

ያድራ በሾፌሩ በር ጎንበስ ብላ የጣራውን ስዊች ተጫነች። ከኋላ ፓምፑ አጉረመረመ። የጨርቁ ጣራ ከፊት መስታወቱ አናት ላይ አንድ መዳፍ ያህል ብድግ አለ። ግራው ተንቀጠቀጠ፤ ቀኙ ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የፓምፑ ድምፅ ቀጥኖ ቀጥኖ ጠፋና ጣራው ወደ ነበረበት ተመልሶ ተኛ።

«ልቀቂው፣ ልቀቂው። ታቃጥይዋለሽ።»

አባቷ ዲንኮ ቀና አለ። እስከ ክርኑ ዘይት በዘይት ሆኗል። ከጠዋት ጀምሮ ያልነካካው ነገር የለም። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጣ አይቷል። ባትሪው ደክሞ ይሆናል ብሎ ከሚሠራበት የቱና ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሌላ ተውሶ ገጥሟል። በፖርታ ባጋሊው ውስጥ ያለው መከለያ በቦታው ካልተቀመጠ ጣራው እንደማይታዘዝ ስለሚያውቅ፣ እሱንም ደጋግሞ አንስቶ መልሷል።

«ኤሌክትሪኩ ጤነኛ ነው» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ችግሩ ያለው ዘይቱ ጋ ነው።»

ዘይት የሚለውን ቃል ስትሰማ ያድራ ዓይኗን ከአባቷ አሸሸች። 

እናቷ ኔቨንካ ጋራዡ በር ላይ በተሽከርካሪ ወንበሯ ተቀምጣለች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯ ተበጥሮ፣ ያድራ የቀባቻት የከንፈር ቀለም ትንሽ ወደ ጉንጯ አምልጦ። በሽታው መጀመሪያ ጣቶቿን ያዘ፤ ቀጥሎ እግሮቿን፤ አሁን ደግሞ ምላሷን። የምትናገረው ለሰው ሁሉ ጉርምርምታ ብቻ ሆኗል። ዲንኮ እንኳ ግማሹ ያመልጠዋል። አንድም ሳይቀር የሚገባት ያድራ ስለሆነች የቤቱ አስተርጓሚ እሷ ናት።

እናቷ አሁን የሆነ ነገር አጉተመተመች።

«ምን አለች?» አለ ዲንኮ።

«‹መኪና ነው የምትጠግነው ወይስ ዓሣ ነው የምታጠምደው?› አለች።»

ዲንኮ ለመሳቅ ሞከረ፤ ግን ፊቱ አልታዘዘለትም።

መኪናዋ የኔቨንካ ናት። ከማግባቷ በፊት የገዛቻት፣ ቀለሟ የነጣ፣ ሁለት በር ያላት አሮጌ ነገር ናት። በሚኖሩባት የወደብ ከተማ በፖርት ሊንከን፣ በባሕር ዳሩ መንገድ ጣራዋን ከፍታ ስትነዳ ያላያት የለም። አሁን ግን ጣራው መከፈቱ የቅንጦት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ዲንኮ ከጀልባው ያመጣውን የመረብ ማንሻ ሰንሰለት ከበላይ ባለው የጋራዡ አግዳሚ ላይ ሰቅሏል። ሰንሰለቱ ኔቨንካን በሸራ አቅፎ ከወንበሯ ያነሳትና ከላይ ቀስ አድርጎ መኪናው ውስጥ ያወርዳታል። ያ የሚሆነው ጣራው ሲከፈት ብቻ ነው። አንዴ በበሩ ሊያስገቧት ሞክረው ትከሻዋ ወልቆ ነበር። ያን ዕለት የጮኸችው ጩኸት አሁንም ከያድራ ጆሮ አልወጣም።

ሌላው አማራጭ ከተማው ያለው አንድ የአካል ጉዳተኛ ታክሲ ነው። ከኋላ ያስገቡሽና ወንበርሽን ከወለሉ ጋር በቀበቶ ይጠፍሩታል። የሚታይሽ የሾፌሩ ማጅራት ብቻ ነው። ኔቨንካ አንዴ ሄዳበት ስትመለስ፣ ያድራ እንድትተረጉምላት ያለችው አንድ ነገር ነበር፦ «የሞትኩ ዕለት በሱ ውሰዱኝ። እስከዚያ ድረስ አልገባበትም።»

ዛሬ ማታ የያድራ ክፍል ፎርማል፣ ማለትም የትምህርት ማጠናቀቂያው የእራት ግብዣ ነው። እራቱን እዚህ ከተማ የሚያስታውሰው የለም፤ ፎርማል ማለት አመጣጡ ነው። ሕዝቡ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ፣ ጥብስ ድንቹን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ባሕር ዳሩ ሣር ላይ ይደረደራል። ልጆቹ በምን እንደመጡ ያያል፣ ያጨበጭባል፣ ያማል። አምና አንዱ በእሳት አደጋ መኪና መጣ። ሌላዋ ተጎታች ላይ በተጫነ ጀልባ ቆማ መጣችና ጫማዋ ወድቆ እስከ ዛሬ ይሳቅባታል። ኔቨንካ ደግሞ ያድራ ገና አንደኛ ክፍል ሳለች ጀምሮ «የአንቺን ቀን የማደርስሽ እኔ ነኝ» እያለች ኖራለች። መንዳቱ ቀርቷል። ዲንኮ ይነዳል፣ እሷ ከፊት አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ያድራ ከኋላ። ስለዚህ ጉዳይ በቤቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተወራ። ኔቨንካ ከጠዋት ጀምሮ የለበሰችው ለዚህ ነው።

የያድራ ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ካርሊን ናት፣ ጓደኛዋ። «አቦ ወስኚ እንጂ፣ እኛ መኪና ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ፀጉሬ ሳይበላሽ መልሺ።» ያድራ ስልኩን መልሳ ከተተችው።

ጉዳዩ የጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው። ጣራው መንቀራፈፍ ሲጀምር ያድራ አባቷ ባሕር ላይ እያለ ራሷ ልትጠግነው ፈለገች። ስልኳ ላይ አንድ ሽማግሌ ጣራው ሲደክም የፍሬን ዘይት ጨምሩበት ሲል አየችና፣ ከመደርደሪያው ላይ አንስታ የፓምፑ የዘይት ጠርሙስ ውስጥ እስከ መስመሩ ሞላችው። ጣራው ለጥቂት ቀን እንደ አዲስ ሠራ። አባቷ ሲመለስ ተገርሞ «ራሱን አዳነ» አለ፣ እሷም ዝም ብላ ኮራች። ባለፈው ሳምንት መንቀራፈፉ ሲመለስ ደግሞ ጉዳዩን አንብባ ደረቀች። ሽማግሌው የሚያወራው ስለ ሌላ፣ በጣም ስለቆየ መኪና ኖሯል። በእነሱ ዓይነት ላይ የፍሬን ዘይት ከገባ ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዙትን የጎማ ቀለበቶች፣ ጎሚኒዎቹን ሁሉ አሳብጦ ያበሰብሳል። ይህን ካወቀች በኋላ በየማታው ዛሬ እነግረዋለሁ እያለች ትተኛለች።

ስቲፔ በጓሮ በር ገባ። ከአባቷ ጋር አንድ ጀልባ ላይ የሚሠራ፣ ወፍራምና ቀልደኛ ሰው ነው። የመጣው ኔቨንካን በማንሳቱ ሊያግዝ ነበር።

«ሙሽሪት ገና በቱታ ነሽ?» አላት ያድራን። «ሰዉ ወንበሩን ደርድሮ ጨርሷል። ሰማዩም ጠቁሯል፣ በጃንጥላ ልትሄጂ ነው መሰለኝ።» ከዚያ የዲንኮን ፊት አየና ቀልዱን ዋጠ። «ምን ሆናችሁ?»

«አልከፈት አለ» አለ ዲንኮ። «የፓምፑን ቡሎን ላላ አድርጌ ግፊቱን ልልቀቀው። ከዚያ በእጅ እንገፋዋለን።»

ያድራ ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። አፏን ከፈተችም። ግን አባቷ ካቻቢቴውን ይዞ ከኋላ ወንበሩ ስር ገብቶ ነበር፤ አላልቶ ሲወጣ ስቲፔ ቀኙን፣ ዲንኮ ግራውን ያዙ።

«በል፣ እኩል» አለ ዲንኮ።

ግራው ተነሳ። ቀኙ አልተነሳም።

«ቆይ፣ ይሄኛው ይዞታል» አለ ስቲፔ።

«ግፋ። ይለቃል።»

«ወዳጄ፣ ቀስ በል—»

ዲንኮ አልሰማውም። የባሕር ሰው ነው፤ የታሰረ ገመድ ሲገጥመው ተጨማሪ ጉልበት ይጥልበታል። ትከሻውን ከጨርቁ ስር አስገብቶ ተነሳ። ከውስጥ የሆነ ብረት ጧ አለ። ጣራው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ግማሽ ተከፍቶ ግማሽ ተዘግቶ ቀረ። ወደ ላይ ሞከሩት፣ ወደ ታች ሞከሩት፤ አልሆነም።

 ዲንኮ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ጀርባውን ለጎማው ሰጠ።

«ሰበርኩት» አለ። «ቀስ በል እየተባልኩ። በገዛ እጄ ሰበርኩት።»

ያድራ አባቷ እንዲህ ሲሆን አይታ አታውቅም። ሐኪሙ የእናቷን በሽታ ስም የነገራቸው ዕለት እንኳ ቆሞ ነበር። አሁን ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዟል። ደግሞም፣ ይህን ማሰቧን ራሷ ጠላችው እንጂ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ እንደሚችል ታይቷታል። ሰባሪው ታውቋል። ከእንግዲህ ፓምፑን ከፍቶ ዘይቱን የሚያይ አይኖርም። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ይወቅሳል፣ እሷ ደግሞ ነፃ ናት። 

«አባዬ፣ አንተ አይደለህም» አለች።

«ተይኝ ያድራ።»

«የፍሬን ዘይት ጨምሬበታለሁ። አንተ ባሕር ላይ እያለህ። ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ነው ቀኙ የያዘው። ከሳምንት ጀምሮ አውቄያለሁ።»

ዲንኮ ቀና ብሎ አያት። የምትጠብቀው ቁጣ አልመጣም። ቢመጣ ይሻላት ነበር። በአባቷ ዓይን ላይ የነበረው ድካም ብቻ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ... ስለ ዛሬ ስታወሩ ደስ ብሏችሁ ነበር።»

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ አጥበን እናወጣው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እናቷን ማየት አልቻለችም።

ስቲፔ ጉሮሮውን ጠራረገ። ጎንበስ ብሎ ከኋላ ወንበሩ ጎንና ጎን ተመለከተ። «ጣራው ከነአጥንቱ የታሰረው በነዚህ ቡሎኖች ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እነሱን ፈትተን፣ ጣራውን የሚገፉትን ፒስተኖች አላቅቀን፣ ሁሉንም በአንድ ላይ አንስተን መጣል እንችላለን። ግን እንደዚህ ተጣሞ ተመልሶ አይገጥምም። መኪናዋም ጣራ የላትም ማለት ነው።»

«አይሆንም» አለ ዲንኮ ወዲያው። ተነሳ። «ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። አንድ ዝናብ ወንበሩን፣ ሽቦውን፣ ሁሉን ያበሰብሰዋል። ይሄ ጋራዥ ለሷ ወንበር መወጣጫና ለሕክምና ማሽኖቿ ነው የሚበቃው፤ መኪናዋ የምታድረው ውጭ ነው። አይሆንም። ዕቃውን አዛለሁ። ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፣ ይቆያል፣ ቢሆንም ይመጣል። በጋ ሲገባ እንደ ድሮው ከፍተን እንሄዳለን።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «አይደል ኔቫ? በጋ ሲገባ። ዛሬ ያድራ ከካርሊን ጋር ትሂድ። ፎቶ ታነሳልናለች።»

ኔቨንካ መናገር ጀመረች። ረጅም ነበር፤ እየቆመች፣ ምራቋን ለመዋጥ እየታገለች፣ ደግሞ እየቀጠለች። ዲንኮ ከንፈሯን ተከተለ። ግንባሩ ተሸበሸበ። ሲያቅተው ወደ ያድራ ዞረ።

«ምን አለች?»

ያድራ ሁሉንም ሰምታለች። አንዱም ቃል አላመለጣትም። አባቷ ዓይን ዓይኗን ያያታል፤ ስቲፔ ጫማውን ያያል። እማዬ ምንም አይደለም ትላለች፣ በጋ እንሄዳለን ትላለች ብትል የሚያርማት ሰው የለም። አባቷ መስማት የሚፈልገው ያንን እንደሆነ ታውቃለች። የሚለምናት ይመስላል። እናቷም ታያታለች፣ ሳትቸኩል፤ ልጇ ምን እንደምትል እየጠበቀች።

«‹በጋ ሲገባ እኔ የለሁም› አለች» አለች ያድራ። ድምፅዋ ተሰባበረ፤ ግን ቀጠለች። «‹አንተም ታውቃለህ፣ ሐኪሙም ነግሮሃል። ለማን ነው ጣራ የምታስቀምጠው? እኔ ዛሬ ለብሼ ተቀምጫለሁ› አለች።»

ዲንኮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ይታያል። ስቲፔ ሊይዘው እጁን ዘረጋና ተወው። ውጭ ንፋሱ ተነስቶ የጋራዡን ቆርቆሮ ይመታል። ዝናብ አልጀመረም፣ ግን አይቀርም።

ያድራ ስልኳን አወጣች። ለካርሊን «አትጠብቁኝ» ብላ ጻፈችና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ከአባቷ የዕቃ ሣጥን ውስጥ የቡሎኑን ቁልፍ መረጠች። አንዱ ሰፋባት፣ ሌላው ልክ ሆነ። በሾፌሩ በር ገብታ የኋላ ወንበሩ ላይ ተንበረከከች፤ ከተጣመመው ጨርቅ ስር እጇን አሾልካ የመጀመሪያውን ቡሎን በጣቷ ፈልጋ አገኘችው። ቁልፉን ገጠመችና ሳበች። አልላላም። እንደገና ሳበች። ዝገት ይዞታል። እጇን አዳልጧት ጉልጥምቷ ከብረቱ ጋር ተጋጨና ቆዳዋ ተገሸለጠ። ደሟን በቱታዋ ጠርጋ መልሳ ያዘች።

ከኋላዋ የአባቷን ኮቴ ሰማች። በሩ ጋ መጥቶ ቆመ። እጇን ይዞ ሊያስቆማት እንደሆነ መሰላት፣ ቢሆንም አልተወችም። 

«በክንድሽ አይሆንም» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ታፍኗል። «ቁልፉን ወደ ጎን አዙሪና ክብደትሽን ጣይበት።»

ክብደቷን ጣለችበት። ቡሎኑ ተንቋረረና ላላ።

ዲንኮ እጁን ለስቲፔ ዘረጋ። ከሣጥኑ ያነሳለትን ሁለተኛ ቁልፍ ተቀበለና መኪናዋን ዞሮ በሌላው በር ገባ።