ሐቢብ ያልተኛበት ከሰዓት

የሐቢብ ሚኒባስ ሪያድ ውስጥ ከራውዳ ሰፈር ወደ ፉጣ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ከሲሚንቶ ግንብ ጋር ተላትሞ ሲገኝ፣ አስፋልቱ ላይ የፍሬን ምልክት አልነበረም። ሐቢብ መሪው ላይ እንደተደፋ ሞቷል። ደሙ ሲመረመር የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኘበት።

ታናሽ ወንድሙ ጣሪቅ ፅጌን አስጠራት። ፅጌ ሀገር ቤት የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ሪያድ ውስጥ ለአንድ ጠበቃ ትሠራለች።

«እህቴ፣ ወንድሜን ገድለውታል» አላት። «ጠዋት ከዐዚዚያ ሰፈር ሠራተኞች ያመላልሳል፤ ማታ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። በመሀል ቤቱ ገብቶ ትንሽ ይተኛል።»

«የዚያን ዕለት ለምን አልተኛም?»

ጣሪቅ አንገቱን ደፋ። «እኔ ደወልኩለት። መኪናዬ ተበላሽታ ነበር፤ ደንበኛዬን ከራውዳ አምጣልኝ አልኩት።»

ደንበኛዋ ነርሷ ሮዛ ነበረች፤ ፉጣ የሐቢብ ጎረቤት ናት። ፅጌ ስትጠይቃት በአደጋው የተሰበረ ክንዷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«መንገዱ ተዘግቶ ቆመን ነበር» አለች። «‹ዛሬ ዓይኔን ምን ያዘው?› አለኝ። ውሃ ልግዛልህ ስለው፣ ‹ሚስቴ ማር የገባበት ወተት አጠጥታኛለች፣ ይበቃኛል› ብሎ ሳቀ። መንገዱ ሲከፈት ፍጥነት ጨመረ። ከዚያ...»

«አንቺ የእንቅልፍ መድኃኒት አለሽ?»

«አለኝ።»

«ለሰው ሰጥተሻል?»

ሮዛ የክንዷን ማሰሪያ ማስተካከል ጀመረች።

ፅጌ ወደ ሐቢብ የማታ ሥራ አሠሪ ፋሃድ ደወለች። «ከአደጋው በፊት አንዲት ሴት ደውላልኝ ነበር» አለ። «ሐቢብ ታሟል፣ ማታ አይመጣም አለችኝ።»

በማግስቱ ሁሉም ለቅሶ ቤት ተሰበሰቡ። የሟች ሚስት ሀሊማ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ሊገድለው የፈለገ ሰው፣ ሥራ ሊወጣ ሲል ነበር የሚያጠጣው» አለች ፅጌ። «መድኃኒቱ ግን የገባው ከመተኛቱ በፊት በጠጣው ወተት ውስጥ ነው። ማሩ ምሬቱን ደብቆታል። አሠሪው ጋ ሲደወል ሐቢብ ጤነኛ ነበር፤ ስለዚህ የደወለችው ሴት እንደሚተኛ ቀድማ ታውቃለች። ጣሪቅ እንደሚያስነሳው ግን አታውቅም። የፈለገችው ሞቱን ሳይሆን እንቅልፉን ነው።»

ሮዛ ማልቀስ ጀመረች። «ሀሊማ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብትለኝ ነው የሰጠኋት...»

«ቀይ መብራት ላይ እንደሚያንቀላፋ ሰዎች ነግረውኛል» አለች ሀሊማ። «ተው ብለው አይሰማኝም። አንድ ቀን እንኳ ጠግቦ ይተኛ ብዬ... ልጄ እንዳትቀሰቅሰው ይዣት ጎረቤት ሄድኩ። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ደወልኩ፣ ደወልኩ። እየነዳ ስልክ አያነሳም።»

ጣሪቅ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ከአልጋው ያስነሳሁት እኔ ነኝ።»

ሀሊማ ልጇን ለሮዛ ሰጥታ ተነሳች።

«ኸላስ፣ በቃ፣ እህት ፅጌ። ፖሊስ ጋ ውሰጂኝ።»

ጣሪቅ የተጠገነች መኪናውን ቁልፍ ሲያወጣ ፅጌ ተቀብላው መሪ ያዘች። ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ መኪና በመኪና ላይ ተደርድሮ ቆሟል። ጡሩምባው፣ ሙቀቱ፣ የጭስ ሽታው። ትንሽ ፈቀቅ ይሉና ይቆማሉ።

ሀሊማ በመስኮቱ ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ ተመለከተች።

«በየቀኑ እንዲህ ነው?»

«በየቀኑ» አለ ጣሪቅ።

«አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም» አለች።