ከቀዩ ጃንጥላ ኋላ

የግንቡ ቁልፍ ያዥ አሮጊት እንዲህ አሉ፤ «አስጎብኚው ሥራ አስኪያጁን ተከትሎ ማማው ላይ ወጣ። በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ፤ ዓይኔ ደግሞ ገና አልከዳኝም።»

በአውቶቡስ የመጡት ጎብኚዎች ደግሞ በአንድ አፍ እንዲህ አሉ፤ «አስጎብኚያችን ከአትክልቱ ስፍራ ንቅንቅ አላለም። ከፊት ከፊታችን እየሄደ በጆሯችን ባደረግነው ማዳመጫ ሲያወራልን ነበር።»

የጉዞ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ከማማው ሥር፣ በድንጋይ ንጣፉ ላይ ሞቶ፣ ጨርቅ ተሸፍኖ ተኝቷል። የሸሚዙ አንገትጌ ተቀዷል። ከላይ ያለው መከለያ ከወገብ ያልፋል፤ ሰው ተደናቅፎ የሚወድቅበት አይደለም።

መርማሪዋ በሁለቱ ቃሎች መሃል ቆማ ጥርሷን ነከሰች። ከጠዋት ጀምሮ ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም የዋለች መሰላት። አንዱ ጎብኚ መጥቶ «ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ መቼ ነው የምንደርሰው? ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ ነው» ይላታል። ሌላው «ጥፋቱ የእኛ ነው እንዴ?» ይላታል። በዚህ ላይ አለቃዋ በስልክ ይነዘንዛታል።

«ስሚ፤ ሴትዮዋ ትናንት ከሟች ጋር ተጣልታለች። ቁልፉ በእጇ ነው። ብቻዋን ነበረች። ሌላ ምን ቀረሽ? ይዘሻት ነይ!»

«ሠላሳ ሰው ያየውን እየመረመርኩ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሠላሳ ሰው ካየ ምኑ ይመረመራል?» ብሎ ዘጋባት።

አሮጊቷ ሁሉን ሰምተዋል። «ተጣልቼዋለሁ» አሉ፤ ሳይጠየቁ። «ትናንት ያመጣቸው ሰዎች አሮጌው ግድግዳ ላይ ሲንጠላጠሉ ዝም አለ። ‹ግንቡ ቢናድ ባንተ ላይ ይናድ› አልኩት። አፌ መዘዘኛ ነው፣ ልጄ። እጄ ግን ሰው አይገፋም።»

«አምናለሁ፣ እማማ። ማመኔ ግን ከእስር አያድንዎትም።»

አስጎብኚውን ጠራችው። የሥራ ጓደኞቹ «ሬዲዮ» ይሉታል፤ ተኝቶም ያወራል እያሉ። ዛሬ ግን ቃል የሚሸጥ ይመስል ቆጥቦ ነው የሚናገረው።

«የት ነበሩ?»

«እንግዶቼ ነግረውዎታል።»

ሾፌሩ የአስጎብኚው ታናሽ ወንድም ነው፤ እናት አባታቸው ካለፉ ወዲህ ያሳደገው እሱ ነው። «እኔ አውቶቡስ ውስጥ ተኝቼ ነበር። ጋሼ ከእንግዶቹ ጋር ነበር» አለና ጫማውን ማየት ያዘ።

«ተኝተህ ጋሼ የት እንደነበረ በምን አወቅህ?»

«ያው… ሥራው ነዋ።»

በግንቡ በር ላይ ከጎብኚዎቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ በቁጣ ጦፈው ይጠብቋታል። «ቅሬታ አለኝ! ይኼ ጉብኝት ነው? ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ቁጥቋጦ መሃል በጥምዝምዝ መንገድ ያዞረናል፤ ቅጠል ብቻ! ደግሞ በማዳመጫው ‹እዩ፣ ዳክዬዎቹ ከኩሬው እየወጡ ነው› ይለናል። ምኑን እንይ? ከጥምዝምዙ ስንወጣ ግን እውነትም ዳክዬዎቹ ሣሩ ላይ ናቸው። ከዚያም ‹አሁን ወፎቹን አድምጡ› ብሎ ጭጭ አለ፤ እስክንወጣ ድረስ!»

መርማሪዋ ቀና አለች። «ያን ጊዜ ፊቱን አይተዋል?»

«ፊቱን? ጃንጥላውን ነዋ! ጠዋት እንደተሳፈርን ‹ዓይናችሁ ጃንጥላዬ ላይ፣ ጆሯችሁ እኔ ጋ› ብሎናል። ያን ቀይ ጃንጥላ ከቁጥቋጦው በላይ እያየን ነው የምንከተለው።»

ሁሉንም በግንቡ ግቢ ሰበሰበቻቸው።

«እማማም አልዋሹም፤ እናንተም አልዋሻችሁም» ብላ ጀመረች። «እናንተ ያያችሁት ጃንጥላ ነው። የሰማችሁት ድምፅ ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ነበሩ ያላችሁ ልምዳችሁ ነው። በጥምዝምዙ ውስጥ ፊቱን ያየ አለ?»

ተያዩ።

«ድምፁ የተቀረጸ ይሆን ብዬ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ‹ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በተቀረጸ ድምፅ ብቻ ነው የምናስጎበኘው› ብሎ አብስሯችሁ ነበር አይደል?»

«እኛም አጨበጨብን» አለ አንዱ፤ እያፈረ።

«ግን የተቀረጸ ድምፅ ዳክዬ መቼ ከውኃ እንደሚወጣ አያውቅም። በቁጥቋጦው መሃል ያለ ሰውም አያይም። በዚያ ሰዓት ኩሬውን የሚያየው ማማው ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው። ወጥቼ አይቻለሁ። አስጎብኚያችሁ ዝም ያለው ደግሞ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ነው። ከዚያ በኋላማ ምን ብሎ ያውራ? የማማው የኋላ ደረጃ ከጥምዝምዙ መውጫ አጠገብ ያወርዳል። እዚያ ጃንጥላውን ተቀበለ።»

«ከማን?» አለ አስጎብኚው። «ዳክዬ ይመስክርብኝ እንግዲህ! ይኼ ግምት ነው።»

ሆዱን የሚያመው አንድ ወፍራም ጎብኚ እጁን አወጣ። «እኔ ከጥምዝምዙ በፊት ወደ አውቶቡሱ ተመልሼ ነበር። በሩን ብደበድብ፣ ብደበድብ የሚከፍት ጠፋ። ሾፌሩ ሞቷል ብዬ ነበር።»

«እንቅልፌ ከባድ ነው» አለ ሾፌሩ።

እውነቱ መርማሪዋ ፊት ቆሟል፤ የምትይዝበት ግን የለውም። ከባድ እንቅልፍ ወንጀል አይደለም። ስልኳ እንደገና ጮኸ። አነሳችው፣ አዳመጠች፣ ዘጋችው።

«ይቅርታ፣ እማማ» አለች። «አለቃዬ መኪና ልኳል። ፖሊሶቹ ይዘውዎት ሊሄዱ ነው።»

አሮጊቷ የቁልፎቹን ቀለበት ከወገባቸው ፈትተው ለመርማሪዋ ሰጧት። «የምሥራቁ በር ሲቆለፍ ጎተት አድርጉት፤ ያስቸግራል» አሉና ወደ መውጫው መራመድ ጀመሩ።

«እማማ፣ ይቁሙ!» አለ ሾፌሩ።

«አንተ!» አለ አስጎብኚው። «ዝም በል!»

«ጋሼ፣ ‹ሥራ አስኪያጁ እንግዶቹን ጥሎ ሄደ እንዳይለኝ ጃንጥላዬን አንድ አፍታ ያዝልኝ፤ ሥራዬን እንዳይነጥቀኝ ልለምነው ነው› አልከኝ። ያዝኩልህ። ከማማው ስትወርድ ጃንጥላውን ተቀብለኸኝ ሄድክ።»

«አንገቴን አንቆ ሰደበኝ… ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም» አለ አስጎብኚው፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል። ከዚያ ወንድሙን አየው። «አሳድጌሃለሁ እኮ።»

«አሳድገኸኛል። ውለታህን ከፍዬ አልጨርሰውም፤ ስንቅህንም እስር ቤት ድረስ የማመላልሰው እኔው ነኝ።» ሾፌሩ ዓይኑን ጠርጎ ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ግን የሰው እናት በእኛ ፈንታ አትታሰርም። ቃሌን ይቀበሉኝ፣ ኢንስፔክተር፤ ጃንጥላውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ፍርድ ቤትም ቆሜ ይኼንኑ እላለሁ።»