አልገባ ያለው ራም

መምህሩ የሞቱት በገዛ ግቢያቸው ውስጥ፣ ከውጭ በተቀረቀረ በር ጀርባ ነው። ጠዋት ልጃቸው መቀርቀሪያውን ስባ በሩን ብትገፋ ብትገፋ አልከፈት አላት። በሩን የያዘው የአባቷ ትከሻ ነበር።

የሞቱባት ክፍል ከጓሮ ናት። ድሮ ዕቃ ቤት ስለነበረች መቀርቀሪያዋ በውጭ በኩል ነው፤ መስኮቷም በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። የሒሳብ መምህሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ «እጄ ሥራ ፈታ» ብለው፣ ዕቃውን አንድ በአንድ እየለቀሙ የመጀመሪያ ኮምፒውተራቸውን የሚገጣጥሙት እዚያ ነበር። ማዘርቦርዱ ተገዝቷል፣ ፕሮሰሰሩ ተገጥሟል፣ የቀረው ራም የሚባለው የማስታወሻ ካርድ ብቻ ነበር። የትኛው ራም ከቦርዱ ጋር ይስማማል እያሉ ቤተሰቡን ቁም ስቅሉን ሲያሳዩት ሰንብተዋል። አስም ነበረባቸው። የገደላቸውም እሱ ነው፤ ወደ አፋቸው የሚነፉት መድኃኒት አጠገባቸው አልነበረም።

ልጃቸው ነርስ ነች። ድመት እንዳትገባ ማታ ማታ ያቺን በር የምትቀረቅረው እሷ ናት። ትናንት አመሻሹ ላይ ከሥራ ስትመለስ እጇ እንደልማዱ ቀርቅሮት ይሁን፣ ተቀርቅሮ አግኝታው ይሁን፣ ብታስበው ብታስበው አልመጣላት አለ። አባባ ውስጥ እያለ ቀርቅሬበት ሄጄ ቢሆንስ? የሰው ትንፋሽ ስትጠብቅ የምትውል ሴት! ይህ ሐሳብ ከያዛት ወዲህ መቀመጥም መቆምም አቃታት።

የመጣችው መርማሪ አጠር፣ ሞላ ያለች ሴት ነች። ግንባሯ ላይ የሰካችውን መነጽር «የት ጣልኩት?» እያለች ስትፈልግ ያያት ሁሉ ይንቃታል፤ እሷም መናቁ ይመቻታል። የግቢውን በር አስዘጋችና ነገሩ እስኪጠራ ማንም እንደማይወጣ ተናገረች። ነርሷ፣ ባሏ፣ የሟች እህት የሆኑት አክስቷና ልብስ ሰፊው ተከራይ ሳሎን ውስጥ ተፋጠው ተቀመጡ። አየሩ ታፍኗል፤ መስኮት ልክፈት ለማለት ግን የደፈረ የለም።

መጀመሪያ የተናገረው ባልየው ነው። ሠፈሩ ሁሉ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። የአንድ ትልቅ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ላፕቶፑን አንጠልጥሎ ሲወጣ አክስት በበሩ ቆመው በኩራት ይሸኙታል። ትናንት ከሰዓት ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ ለአማቱ ራም ገዝቶ እንደመጣ ተናገረ።

«አስገባሁላቸውና ኮምፒውተሩ በራ። አባባ ‹ገባ! ገባ!› እያሉ እንደ ሕፃን ጨፈሩ። ፊልም ከፈትኩላቸውና በሩን ክፍት ትቼ ወጣሁ። ማታ የመኝታ ክፍላቸው ተዘግቶ ሳይ የተኙ መሰለኝና አትቀስቅሷቸው አልኩ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለቤቴ ሆን ብላ አይደለም የቀረቀረችው። እባክዎ እንዳይጨክኑባት።»

ነርሷ ባሏን ቀና ብላ አየችው። እየተከራከረላት ነው፤ ታዲያ ምነው እያንዳንዱ ቃሉ አንገቷ ላይ እንደ ገመድ የሚጠብቀው? ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ልብስ ሰፊው ወሬ አያልቅበትም። የስፌት መኪናው ስትንጫጫ እንደምትውል፣ እንዲያም ሆኖ ከሰዓት የመምህሩን ጩኸት እንደሰማ አወራ። መርማሪዋ ያሉትን ቃል ደግመህ ንገረኝ አለችው።

«ገባኝ፣ አሁን ገባኝ ነው ያሉት።»

«ገባልኝ አይደለም?»

«ኧረ ገባኝ ነው! ከዚያ ቆይቶ ቋ ቋ የሚል ነገር ሰማሁ። ያን ኮምፒውተር እየቀጠቀጡት መስሎኝ በልቤ ስቄ ዝም አልኩ።» ይህን ካለ በኋላ እጁን ጭኖቹ መሐል ከቶ አቀረቀረ።

መርማሪዋ አሁን ደግሞ ስለ መድኃኒቱ ጠየቀች። መምህሩ ሲያጎነብሱ እየወደቀባቸው ስላስቸገራቸው፣ በአዝራር የሚዘጋ ጥልቅ ኪስ ሸሚዛቸው ላይ የሰፋላቸው ይኸው ልብስ ሰፊ ነበር። ጠዋት ግን መድኃኒቱን ከወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ያገኘው ባልየው ነው። አክስት ይህን ሲሰሙ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«የትኛው መደርደሪያ? ማታ እኮ እኔ ራሴ ጠርጌዋለሁ። ምንም አልነበረበትም።»

«ደክሞዎት ነው እትዬ» አላቸው ባልየው በፍቅር።

መርማሪዋ ነርሷን አስከትላ ወደ ጓሮ ሄደች። የመምህሩ ሸሚዝ ኪስ አዝራሩ ተገንጥሎ ክሩ ተንጠልጥሏል። ኮምፒውተሩ ጎኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፤ አዲሱ ራም አጠገቡ ተቀምጧል። መርማሪዋ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች፤ ራሙን ከማስገቢያው ጎን ይዛ ለካችና «እህ» አለች። ቀጥላ መምህሩ መኝታ ክፍላቸው ትተውት የነበረውን ስልካቸውን አንስታ፣ መጨረሻ ወደ ደወሉበት ቁጥር ደወለች። ስታዳምጥ ቆየችና አመስግና ዘጋች። ነርሷ ምን እንደተባለች ብትጠይቃት «ትንሽ ታገሺኝ፣ የኔ እህት» ብቻ አለቻት።

ኮምፒውተሩን ተሸክመው ሳሎን አመጡት። ሁሉም በጠረጴዛው ዙሪያ ቆሙ።

«ኢንጂነር፣ ትናንት ያስገባኸውን ራም እስቲ አሁንም አስገባልንና ያን ፊልም እንየው» አለች መርማሪዋ።

ባልየው ፈገግ ብሎ ራሙን አነሳ። ተጫነው፣ አልገባም። ገልብጦ ሞከረ፣ አልገባም። ግንባሩ ላብ አወጣ፤ ቦርዱ ሲጢጥ እስኪል ተጫነው።

«ተወው፣ ትሰብረዋለህ። ልጄ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ሲገጣጥም ራሴን ስላዞረው ይሄን ይሄን አውቃለሁ። ቦርዱ የሚቀበለው ዲዲአር ፋይቭ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት ነው። አንተ የገዛኸው ዲዲአር ፎር ነው። ቁመታቸው እኩል ነው፤ ግን ከሥር ያለችው ይቺ ክፍተት ቦታዋ ይለያያል። አንዱ በሌላው ቦታ ጨርሶ አይገባም። ራም ካልገባ ደግሞ ማራገቢያው ይዞር ይሆናል እንጂ ፊልም ቀርቶ ፊደል አይታይም። ስለዚህ ትናንት እዚያ ክፍል ውስጥ ፊልም የሚባል ነገር አልነበረም።»

«አባባ... በኋላ ቀይረውት ይሆናል።»

«በምን? ቤቱ ውስጥ ሌላ ራም የለም። ራም ቢገባላቸው ኖሮ ‹ገባልኝ› ይሉ ነበር። እሳቸው ያሉት ‹ገባኝ› ነው። ምን እንደገባቸው ልንገርህ? የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ይሄን እንደማይሳሳት። ጠረጠሩና አንተ ‹እሠራበታለሁ› ወደምትለው ድርጅት ደወሉ። እኔም ደውዬ ነበር። የሚያውቅህ ሰው የለም።»

አክስት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

መርማሪዋ ወደ ነርሷ ዞረች። «ኳኳታው የተሰማው ከሰዓት ነው። በሩ የተከፈተለት ሰው አያንኳኳም፤ አንቺ ደግሞ ያን ሰዓት ሥራ ላይ ነበርሽ። ማታ እጅሽ የሄደው ቀድሞ ወደተቀረቀረ በር ነው። ያ ኪስ የተቀደደው በሰው እጅ ነው። መድኃኒቱም ሌሊቱን በአንድ ሰው ኪስ አድሮ ነው መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው።»

ነርሷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የነበረው ድንጋይ ተነሳ፤ ቦታውን የያዘው ግን ከሱ የባሰ ነበር። ባሏ እግሯ ሥር ተንበርክኮ ነበር።

«እስከ ማታ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ አሉኝ። እንዳይወጡ ስይዛቸው ኪሳቸው ተቀደደና መድኃኒቱ ወደቀ፣ አነሳሁት። እስኪረጋጉ ብዬ ነው የቀረቀርኩት። ትተሽኝ ትሄጃለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።»

«ሲያንኳኳ ሰምተሃል?» አለችው ነርሷ።

ነጠላዋን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ ሰብስባ ሳበችበት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ስነድ እኮ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር። ኢንጂነር ሆንክ አልሆንክ ለእኔ ምኔ ነው? ባትሆንም አገባህ ነበር» አለችው። ማልቀሷን ያወቀችው ጉንጯን ስትነካ ነው። «አባባም ይሄን ያውቅ ነበር። ብትነግረኝ ኖሮ ማታውን አብረን ስቀንብህ እራት እንበላ ነበር።»

የግቢው በር ተከፍቶ ባልየው በፖሊስ ተይዞ ሲወጣ አልሸኘችውም። የአባቷን መፍቻ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ወደ ጓሮ ሄደች፤ የመቀርቀሪያውን ብሎኖች አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር። ልብስ ሰፊው ሊያግዛት መጣና ምንም ሳይናገር በሩን ደግፎ ያዘላት።