የጀብሪል ባዶ ክር

ጀብሪል ካፉር ይሸታል ይባል ነበር። ገበያ ሲገባ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ይስባሉ፤ ወንዶቹ ከሩቅ ሰላም ብለውት መንገድ ይቀይራሉ። ካፉር የሙታን ሽቶ ነው፤ ሬሳ ሲታጠብ መጨረሻ ላይ ውሃው ውስጥ የሚጨመር። እንግዲህ እኔ ኑርጃን፣ የሽቶ ነጋዴው የአብዱልጀሊል ልጅ፣ ካላገባሁት ሞቼ እገኛለሁ ያልኩት ይህን ሰው ነው። ሳቃችሁን ጨርሱና ልቀጥል።

አባቴን መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። ገበያው ዳር ባለች ጠባብ ሱቁ ሚስኩ፣ ሰንደሉ፣ የጽጌረዳው ዘይት፣ ዝባዱ በየብልቃጡ ተደርድሯል። ሌላው ነጋዴ ክዳኑን ከፍቶ አስሸትቶህ ይሸጥልሃል። አባቴ እንዲያ አያደርግም።

«ብልቃጥ ውስጥማ ሁሉም ቆንጆ ነው» ይላል። «ሰው ላይ ሲውል ነው ጠባዩ የሚታወቅ።»

ስለዚህ ገዢው ጠዋት ሲመጣ መጀመሪያ ባዶ ክር፣ ምንም ያልነካው ነጭ የጥጥ ክር፣ አንጓው ላይ ይታሰርለታል። ሰውየው ገበያውን ዞሮ፣ ተከራክሮ፣ አልቦት ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ክሩ ያን ጊዜ የሰውየውን የራሱን ጠረን ይዟል። በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ ሽቶ የነካው ክር ይታሰርለታል። ሽቶው ከጠረኑ ጋር ከተስማማ እሰየው፤ ካልተስማማ ሌላ ይሞከራል። የሚስማማውን ሽቶ ፍለጋ በጋውን ሙሉ የተመላለሰ ሰው አውቃለሁ።

ክሩን የምታሸተው ግን እናቴ ዓሊማ ነበረች። አፍንጫዋ ጉድ ነው! ከሱቁ ጓዳ ከመጋረጃ ጀርባ ትቀመጣለች፤ ክሩ ይገባላታል፤ አንድ ጊዜ ሳብ አድርጋ «ይሄ ቁጡ ነው፤ ሚስክ እንዳትሰጡት፣ ይብስበታል» ትላለች። የባለቤቱን ፊት አታይም፤ ስሙንም አትጠይቅም።

«ፊት ካየሁ አፍንጫዬ ያደላል» ነበር የምትለው። ይህን ቃሏን ያዙልኝ።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። ዝናቡ ቀረ፤ እህሉም ከብቱም አለቀ። ከወግዲም ከየቆላውም ሰው ወደ ከተማው ጎረፈ፤ ከከተማው ዳር መጠለያ ተሠራ፤ ተስቦም ገባበት። ማን ሽቶ ይገዛል? አባቴ ብልቃጦቹን ሸፍኖ ካፉሩን ብቻ ለመጠለያው በነጻ ይሰጥ ጀመር።

ካፉሩን ሊወስድ የሚመጣው ጀብሪል ነበር። የወግዲ ልጅ ነው፤ ቁርዓን ሊቀራ የመጣ ደረሳ። ሸይኹ በተስቦው ሲሞቱ እሳቸውን አጠበ። ከዚያ ሌላ ሰው ሞተ፤ እሱንም አጠበ። ከዚያ ወዲያ ማቆም አልተቻለም። ሙስሊም ወንድ ሲሞት ያጥባል፤ ክርስቲያን ሲሞት ከካህናቱ ጋር ጉድጓድ ይቆፍራል። በሽታው ያልያዘው በአላህ ጥበቃ እንጂ በሌላ አይደለም።

ሬሳ አጥቦ ሱቃችን ሲመጣ በሩ ላይ ይቆማል እንጂ አይገባም።

«ከጀናዛ ነው የመጣሁ» ይላል አንገቱን ደፍቶ። «አትቅረቢኝ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ አስቀምጪልኝ።»

«ግባ» እለዋለሁ።

«አይሆንም።»

«እኔ አልፈራሁ፣ አንተ ምን አስፈራህ?»

«ለአንቺ ነው የምፈራልሽ።»

አንድ ቀን እንዲህ ሲለኝ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኖቹ በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል፤ ግን እያዩኝ ፈገግ አሉ። በዚያ ዓመት የሰው ፈገግታ ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም ነበር። ወላሂ፣ እዚያው ደጃፍ ላይ ወደድኩት።

ዝናቡ ተመለሰ፤ መጠለያው ፈረሰ። ሲያጥብና ሲቀብር «አላህ ይስጥህ»፣ «እግዜር ይስጥህ» ይሉት የነበሩት ሁሉ ምርቃቱን ረሱና ሽታውን አስታወሱ። ጀብሪል ሽማግሌ ላከ። እናቴ «መሬት የለው፣ በሬ የለው፣ ልጄን ምን ሊያበላት ነው?» ብላ መለሰቻቸው። እኔም ተናድጄ ቀናትን አኮረፍኩ፤ ማንም ልብ አላለኝም።

አብዮቱ ግን ልብ አለን። የካቲት ላይ ሬዲዮው መሬት ለአራሹ ብሎ አወጀ። ገበሬ ማኅበሩ ሲቋቋም ለጀብሪልም ከከተማው በታች መሬት ደረሰው፤ በሬ ከጎረቤቱ ጋር አቀናጅቶ ማረስ ጀመረ። ሽማግሌዎቹም ተመልሰው መጡ።

እናቴ አሁን ማመካኛ አጣች፤ እውነቱን ተናገረች።

«ካፉር ይሸታል። የሬሳ ሽታ ቤቴ አይገባም።»

በዚያው ሰሞን የአጅባር እህል ነጋዴ ለልጁ ሊጠይቀኝ ሰው ልኮ ነበር። የሰኔ ገበያ ሲደርስ መጥተን መልሱን እንሰማለን ብለው ሄደዋል። እናቴ እሺ ልትላቸው ቆርጣለች። አባቴን ብለምነው «እናትሽን እሺ አሰኚያት እንጂ እኔስ ልጁን እወደዋለሁ» ብሎ አረፈው። አይ አባባ!

እሺ አልኩ በሆዴ። ነገሩ የሽታ ከሆነ እኔ የማን ልጅ ነኝ? ካፉሩን የሚያጠፋ፣ እሱን የሚስማማ ሽቶ አገኝለታለሁ።

በገበያው ቀን አባቴ ለጀብሪል ሚስክ የነካው ክር አሰረለት። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ክሩን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ለእናቴ ሳላሳይ እኔው አሸተትኩ።

«እ?» አለ ጓጉቶ።

«አያቴን መሰልኸኝ።»

ሳቀ። በሚቀጥለው ሰንደል ሞከርን፤ እሱ ላይ ደረቀ፣ እንጨት እንጨት አለ። ከዚያ ጽጌረዳ።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ሙሽራ መስለሃል።»

«ማን አግኝቶ!» አለና ዓይናችን ተጋጨ።  አባቴ የተወለወለውን ብልቃጥ እንደገና ይወለውል ጀመር።

ግን ምን ዋጋ አለው? ጽጌረዳ ተቀብቶ ገበያ መሀል ሲያልፍ ሴቶቹ አሁንም ነጠላቸውን ሳቡ። ያን ቀን ጥጉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ጭንቅላቴን በእጄ መታሁ። ባዶውን ክር ዘልለነዋል! አባቴም እኔም። የጀብሪል ጠረን ካፉር እንደሆነ አገር ያውቀዋል ብለን፣ ለማንም ሳናስቀር የምናደርገውን ለእሱ ሳናደርግለት ቀርተናል።

በሚቀጥለው ገበያ ማለዳ ባዶ ክር ታሰረለት። ክሩን እንዳሰረ ሲያርስ ውሎ ከሰዓት በኋላ ከእርሻው በቀጥታ መጣ፣ እግሩ በጭቃ እንደተለወሰ። ክሩን ተቀብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩ። እንደገና ሳብኩ። ወደ ደጅ ወጥቼ ንጹህ አየር አግኝቼ ተመልሼ ሳብኩ።

«ጀብሪል፣ ካፉሩ የታለ?»

«ምን?»

«የለም! ካፉር የሚባል ነገር የለብህም!»

 እጁን አንስቶ አሸተተ።

«እኔን ግን ይሸተኛል» አለ ቀስ ብሎ። «በአመድ ብታጠብ፣ በሎሚ ብታጠብ አልለቅ አለኝ። ማታ እጄን ከብርድ ልብሱ ውጭ አድርጌ ነው የምተኛ።»

እጁን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። መዳፉ በመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቋል። 

«አትሸትም፤ ሲነግሩህ ጊዜ አምነህ ነው» አልኩት። «እኔ እዋሽሃለሁ?»

«ለእኔ ብለሽ ልትዋሺ ትችያለሽ።»

«እንግዲያው የማትዋሸው ታሽተው።»

የአጅባር ሰዎች መምጫ በሆነው በሰኔው ገበያ ጀብሪል ባዶ ክሩን አስሮ ዋለ። ከሰዓት በኋላ የገዢዎቹ ክር ተሰብስቦ ወደ መጋረጃው ጀርባ ሲገባ የእሱንም ቀላቅዬ አስገባሁ። እናቴ እንደ ልማዷ አንድ በአንድ ፈረደች። ይሄኛው ሰንደል፣ ይሄኛው ዝባድ ጠብታ ብቻ፣ ይሄኛው ገላውን ይታጠብ መጀመሪያ። ከዚያ አንዱ ክር ላይ ልማዷን ረሳች።

«ይሄ የማን ነው?»

«ስም አይጠየቅም። ፍርዱን ንገሪኝ።»

ረጅም ትንፋሽ ስትስብ ሰማኋት።

«አፈር አፈር ይላል፤ ዛሬ የታረሰ አፈር። ልቡ የተቀመጠ ሰው ነው፤ አይዋሽም። ሽቶ አታብዙበት፣ ራሱ በቂ ነው። ማሻአላህ! ሚስቱ ታድላለች።»

«ሚስት የለችውም» አልኩና መጋረጃውን ገለጥኩ።

ጀብሪል ከመጋረጃው ወዲያ፣ ፊት ለፊቷ ቆሟል። እናቴ ገና ስታየው እጇ ወደ አፍንጫዋ ሄደ፤ ክሩ ግን እዚያው እጇ ውስጥ ነበር። የጀብሪልን ሽታ ሸሽታ በጀብሪል ክር አፍንጫዋን ያዘች። ይህንን ራሷም አየችው። እጇ በአፍንጫዋና በጭኗ መሀል ቆሞ ቀረ።

«አሁንም ይሸታል እማዬ?»

 እንባዋ ወረደ።

«ሽታው አይደለም» አለች። «ሙሐመድ ነው።»

ሙሐመድ ወንድሟ ነው። ከቆላው ተሰዶ መጠለያ በገባ በቀናት ውስጥ ሲሞት እሷ በተስቦ ተኝታ ራሷን አታውቅም ነበር። አልቀበረችውም፤ አላየችውም።

«ይህን ልጅ ባየሁት ቁጥር ወንድሜ ካፉር ተረጭቶበት፣ ብቻውን ተጋድሞ ነው የሚታየኝ። ምን ላድርግ? ያ ረቢ፣ ምን ላድርግ?»

ጀብሪል እንደ ድሮው ደጃፍ ላይ አልቀረም። ገብቶ ፊቷ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ ዓሊማ፣ እሳቸውን ያጠብሁ ቀን ካፉር አልነበረም።»

ቀና አለች።

«አልቆ ነበር።»

«እውነቱን ነው» አለ አባቴ ከወዲያ። «ያን ሰሞን ዕቃው ከደሴ ዘግይቶብኝ ባዶ እጁን መለስኩት።»

«እሳቸውን እንዲያው መሸኘት ከበደኝ» አለ ጀብሪል። «ድርቁ ሁሉን በልቶት ገደሉ አፋፍ ላይ ጦስኝ ብቻ ቀርቶ ነበር። ወጥቼ ለቀምሁ። በእጄ አሽቼ ውሃው ውስጥ ጨመርሁላቸው። እትዬ፣ ወንድምዎ የሄዱት ጦስኝ እየሸተቱ ነው። ብቻቸውንም አልነበሩም፤ እኔ ነበርሁ።»

እናቴ ክሩን ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ሙሐመድ እኮ» አለች፣ «ያለ ጦስኝ ሻይ አይጠጣም ነበር።»

ከዚያ እጁን ያዘችው። ያንን የተሰነጣጠቀ መዳፍ ገልብጣ ፊቷ ላይ አድርጋ አሸተተችው፤ በዚያ እጅ ወንድሟን የምታገኘው ያህል።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም፣ ልጄ?»

«መች አስቀረቡኝ?»

በእንባዋ መሀል ሳቀች። እኔስ? እኔማ መጋረጃውን ይዤ እያለቀስኩ ነበር።

የአጅባር ሽማግሌዎች ሲመጡ በሩ ላይ የተቀበለቻቸው እሷ ናት። «አብሽሩ፣ ግቡ፣ ሻይ ጠጡ» አለቻቸው። «ልጄ ግን ተሰጥታለች።»

ለኒካሁ የጀብሪልን ሽቶ የቀመመችው እናቴ ነች፤ ማንንም አላስጠጋችም። ጦስኙን ወቅጣ ዘይት ውስጥ ነከረችው፤ ሰንደል ጠብ አደረገችበት፤ በመጨረሻ ከአባቴ ዕቃ ቆንጥራ ካፉር ጨመረችበት።

«እማዬ! ምን ነካሽ?» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ። አጠበ እንጂ አልሰረቀ። ምኑ ይደበቃል?»

ሽቶውን ክር ላይ አስነክታ በገዛ እጇ አንጓው ላይ አሰረችለት። አፈሩም፣ ጦስኙም፣ ያቺ ቁንጣሪ ካፉርም አንድ ላይ ሲሸቱ ሌላ ማንም ላይ ሊሆን የማይችል ነገር ሆነ። እነዚያ ነጠላቸውን የሚስቡት ሴቶች ሰርጉ ላይ ተጠግተው «ሙሽራው ምን ተቀብቶ ነው? እንዴት ደስ ይላል!» ይላሉ።

«ብነግራችሁም አይገባችሁም» አለቻቸው እናቴ። «እናንተ አፍንጫ የላችሁም።»

እስከ ዛሬ ሰው ሲሞት ጀብሪልን ይጠሩታል። አጥቦ ሲመለስ፣ ያ ልማዱ አልለቀው ብሎ፣ የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቆማል።

«ከጀናዛ ነው የመጣሁ» ይለኛል።

«ግባ» እለዋለሁ።

ይገባል።